የብሎክ አርባ አንድ ተቀባይ

ዘርጋው አንለይን የሰደበው ጥላዬ ሞገስ ነው። የሰደበው እሁድ ጥር 7 ቀን 2071 ዓ.ም. ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ቦታው የብሎክ አርባ አንድ እድር አዳራሽ፣ መድረኩ ላይ፣ የማይዞረው ማራገቢያ ሥር። አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ከስልሳ ሦስቱ ሃምሳ ስምንቱ ሳቁ። ዘርጋው ይህን የሚያውቀው አንድ በአንድ እያየ ስለቆጠራቸው ነው፤ ሚስቱ አስካለም ከሳቁት መሃል እንዳለችበት ያወቀው ያኔ ነው። አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የእድር ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ግድግዳው ላይ ያለው መሣሪያ የተባለውን ሁሉ ሰምቶ አሳምሮ ይጽፈዋል። ይሁን እንጂ ሰው ቆሞ ካላነበበው እድር እድር አይመስልም ተብሎ ጸሐፊ የሚባል ሰው ይመረጣል፤ ሥራውም ወረቀቱን ይዞ መነሳትና ለጉባኤው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያነበበው ጥላዬ ነበር። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ድምፁ እንደ ድሮ ዜና አንባቢ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ላይ እንኳ ያርፋል። በታኅሣሥ ምርጫ ግን አባላቱ ሰለቹትና ዘርጋውን መረጡ። ዘርጋው በያጅ ነው። የአዳራሹን በር፣ የድንኳኑን ብረቶች፣ የአስከሬን መሸከሚያውን ሳይቀር በነፃ የሠራው እሱ ነው፤ ሰው ውለታውን ሊመልስ ፈልጎ እጁን አወጣለት። ትምህርቱ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ቤት እየገባ ለአስካለ ሲያነብላት ሰነበተ። እሁድ ዕለት ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁለቱን መስመር ተወጣው። ሦስተኛው ላይ «የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረት» የሚል መጣ። «የማይንቀ» አለና ቆመ። እንደገና «የማይንቀ» አለ። ጥላዬ ከፊት ወንበር ተነስቶ መጣ፤ ከሕፃን እጅ ቢላ እንደሚወስድ ሰው ቀስ ብሎ ወረቀቱን ተቀበለውና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ላሜራ አይደለም፤ ፊደል በብየዳ አይያያዝም። አንተ በርህን ሥራ፤ ንባቡን ለሰው ተወው» አለ።

ሰው የሳቀው በላሜራው ነው። ዘርጋውን የበላው ግን የመጨረሻው ነው። ለሰው ተወው ማለት እሱ ሰው አይደለም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የመጀመሪያው አልነበረም። በ2029 የአራተኛ ክፍል አስተማሪው ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሞ ክፍሉን በሙሉ አስጨብጭቦበታል። በ2046 የገዛ ሠርጉ ላይ የአስካለ ወንድም እጁን ጨብጦ መዳፉን በመሐረብ ጠርጓል። እነዚያ ግን አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አገር ለቋል። ጥላዬ አለ። ከዘርጋው ጋር በአንድ ደረጃ የሚወጣ ጎረቤት ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ።

ከተማዋ ጠብን ከበሽታ ተራ ካስገባችው ሃያ ዓመት አልፏል። ጠብ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል፤ የሚተላለፍ ነገር ደግሞ ሳይዛመት ይያዛል፤ መመሪያው ባጭሩ ይኸው ነው። የድሮው ፖሊስ ጣቢያ የክትባት መጋዘን ሆኗል፤ ወህኒ ቤቱ ውስጥ ችግኝ ይፈላል። ሰው ከቤቱ ሲወጣና ሲገባ በብሎኩ በር ላይ መዳፉን የቁጣ መለኪያው ላይ ያሳርፋል። አረንጓዴ ከሆነ ያልፋል። ቢጫ ከሆነም ያልፋል፤ ግን በማግስቱ ጠዋት በሩ ይንኳኳል። ከመግቢያው በላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ያን እሁድ «ብሎክ 41 ከጥቃት ነፃ 336 ቀን» ይላል። ሦስት መቶ ስልሳ አምስት የሞላ ብሎክ ከከተማው አንድ በሬ ይመረቅለታል። የብሎኩ ሰው ቀኑን አስልቶ በሬው ለቅበላ እንደሚደርስ አውቆ፣ ቅርጫውን ማን ከማን ጋር እንደሚካፈል ከወዲሁ ተነጋግሯል።

ሰኞ ጠዋት የዘርጋው በር ተንኳኳ። የመጣችው የቀጠናው ጤና ሠራተኛ ሲስተር የውብዳር ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው፣ አርባ አባወራ በጀርባዋ የተሸከመች ሴት። ተቀመጠች፣ ቁጣን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ በእጁ አንጓ ላይ አሰረች፣ ሁሉንም ታማሚ የምትጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀችው።

«ዛሬ ማን ትዝ አለዎት?»

«ጥላዬ።»

ጻፈች። ጠርሙስ ሽሮፕ ሰጠችው፤ ጠዋትና ማታ አንድ ማንኪያ። የሰውየው በር ላይ እንዳይሄድ የሚል ወረቀት አስፈረመችው። ማክሰኞም መጣች፣ ረቡዕም መጣች። ማን ትዝ አለዎት፣ ጥላዬ። ማን ትዝ አለዎት፣ ጥላዬ። በአምስተኛው ቀን ሌላ ሰውስ የለም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ መለኪያው አንድ ተጨማሪ ሰው እንዳለ ይነግራት ነበር። ዘርጋው አስካለ ቆማ ወደምታጥብበት ወደ ወጥ ቤቱ እያየ የለም አላት።

ሽሮፑ ሆዱን ይነፋዋል እንጂ አላስረሳውም። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ጥር 18፣ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣ። አንዱ ጥላዬ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቀው ነው። ሁለተኛው የእድሩ ጥሩምባ ነው። መርዶው በስልክ ነው የሚመጣው፤ ጥሩምባው ግን አሁንም ከአስከሬኑ ፊት ፊት ይሄዳል፤ የሚቀመጠውም ጸሐፊው ቤት ነው። ጥላዬ ጸሐፊነቱን እንጂ ጥሩምባውን አላስረከበም። ዘርጋው ሲደርስ ደጁ ላይ ተቀምጦ በጨርቅ እየወለወለው ነበር።

ምን እንደተባባሉ ሁለቱ ሁለት ዓይነት ነው ያወሩት። ዘርጋው እንደሚለው በእርጋታ ጠየቀ፤ ጥላዬ ደግሞ ሳቀና መጀመሪያ መናገሪያውን ከመንፊያው ለይ አለው። ዘርጋው የጥሩምባውን አፍ ያዘ። ጥላዬ ጎተተ። ዘርጋው ሳብ አደረገ። ጥላዬ ነጥቆ በነጠቀበት እጁ ጥሩምባውን መልሶ አሳረፈበት፤ የግራ ጆሮው ላይ። ያ ጆሮ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገር አይሰማም። የሚሰማው አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው፤ ቀንም ሌሊትም የማይቋረጥ።

ሰሌዳው 347 ነበር። ዘርጋው ደሙን በሻርፑ ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። የጤና መኪናው በስድስት ደቂቃ ደረሰ።

ጥላዬ አልታሰረም። በዚያች ከተማ የሚታሰር ሰው የለም። ጥላዬ ተለየ። ከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለ ለይቶ ማቆያ ገባ፤ በወረቀቱም ላይ ስሙ አስተላላፊ ሆነ። የዘርጋው ስም ተቀባይ ሆነ። ተቀባይ ካልታከመ ነገ አስተላላፊ ይሆናል፤ ጥናቱ እንዲህ ይላል። ስለዚህ ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ ተቀባይ እሳት፣ ስለትና ብረት አይነካም። ከሆስፒታል ሲመለስ የብየዳ ቤቱ በር በሰማያዊ ፕላስቲክ ታሽጎ አገኘው። ውስጥ የአንድ ደንበኛ መስኮት ግማሹ ተበይዶ፣ ቱቦላሬ ብረቱ ተቆርጦ፣ ማሽኑ ላይ ኤሌክትሮድ እንደተሰካ ቀርቷል። የተመታው እሱ ነው። የታሸገው የእሱ ሱቅ ነው። በመስታወቱ ቀዳዳ ጥቂት አየና ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት መቀመጥ ብቻውን አይሆንም፤ ተቀባይ ብቻውን አይተውም። ለቅሶ እንደመድረስ ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ተራው በስልክ መምጣቱ ነው። በየቀኑ ከብሎኩ አንድ ሰው ይመደባል፤ ይመጣል፣ አንድ ሰዓት አብሮት ይቀመጣል፣ ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። እንቅልፍ ወሰደህ ወይ። እህል በላህ ወይ። የምትነግረኝ አለ ወይ። ሰዓቱ ሲሞላ ስልኩ ይጮህና ጎረቤቱ መሃል ወሬ ላይ ተነስቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ከገባ ጀምሮ ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። አንዳንዱ እንቅልፍ ወሰደህ ወይ ብሎ ጠይቆ ራሱ ይተኛል። ከመጡት ሁሉ በደረቁ የነገረችው ምድር ቤት የምትኖረው ወይዘሮ ብዙወርቅ ናት። ቆሎ በሳህን ይዛ መጣች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ እያነሳች ራሷ ቆረጠመችው።

«እንቅልፍ ወሰደህ?» አለችው።

«ትንሽ።»

«እኛን ግን በሬው እንቅልፍ ነስቶናል። አሥራ ስምንት ቀን እኮ ነው የቀረው።» ቆረጠመች። «ሰው በር ላይ ምን ልትሠራ ሄድክ? ልጅ አይደለህ። ተናግሮስ ቢሆን፣ በስድብ የሞተ ሰው አይተሃል? ጋሽ ጥላዬ አፉ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም።»

ጆሮዬስ አላት። ኧረ እሱስ አዎ፣ እሱስ አለችና የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቀችው። እህል በላህ።

ዘርጋው እሷንም በልቡ መዘገባት። በእነዚያ ቀናት የሚሠራው ሌላ ነገር ስለሌለው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያስባል። ሲያስብ በጣም ዝርዝር ነው፤ ሥራው ነው። የጥላዬን በር ውጭ ቆሞ ሲበይደው ያያል። መጀመሪያ ማጠፊያዎቹን፣ ቀጥሎ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች ያለውን ክፍተት፣ ቀጥ ያለ፣ ያልተዛነፈ፣ ሰው ሊያየው የሚያምር ብየዳ። ጥላዬ ከውስጥ ያንኳኳል። ከዚያ ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ቀለም ይቀባዋል። ቀለሙን ሦስት ጊዜ ቀይሮታል።

ሲስተር የውብዳር መምጣቷን አላቋረጠችም። አንድ ቀን ሊያጽናናው አስባ ነው መሰል አስተላላፊው ደህና እየሆነ ነው አለችው። አትክልት ያጠጣል፣ ገበጣ ይጫወታል፣ ሰውነቱም ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አብረውት ላሉት ጋዜጣ ያነብላቸዋል፤ በጣም ነው የወደዱት። ይህን ስትናገር አንጓው ላይ ያለው ቁጥር ዘለለ፤ እሷም አይታ ጻፈችው። በማግስቱ ሽሮፑን ሁለት ማንኪያ አደረገችው።

በመመሪያው መሠረት አርባ ቀን ሲሞላ የቃል ቀን ይሆናል። አስተላላፊ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል፤ ተቀባይ መልስ ይሰጣል፤ ፋይሉ ይዘጋል። አስካለ ያን ቀን ስትጠብቅ ከስታለች። የምትሰፋው ልብስ የቤቱን ወጪ አልሞላም፤ የዘርጋው ቁዘማ ግን ቤቱን ሞልቶታል። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ምሳ አቅርባለት አጠገቡ ተቀመጠች፤ በቀኝ በኩል፣ በሚሰማው ጆሮ።

«አንዲት ቃል ናት፣ ዘርጋው። አውጣትና እንገላገል። ለእሱ ብለህ አይደለም። ለሱቅህ፣ ለእኔ።»

እሺ አላት። እውነቱን ነው፤ ሊናገር ቆርጦ ነበር። ግን ይቅር ሊል አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ስትመጣ በደንብ ጠየቃት። ይቅር ካልኩስ አላት። ያኔውኑ ይወጣል፣ የእርስዎም እሽግ በዚያው ቀን ይነሳል አለችው። አልልም ካልኩስ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች ይቀመጡና አንድ ነገር ይወስኑበታል፤ አትክልት መኮትኮት፣ መንገድ መጥረግ፤ ግፋ ቢል ከፋሲካ በፊት ያልቃል። የእርስዎ እሽግ ግን ያኔውኑ ይነሳል፤ መልስ ሰጥተዋላ።

«ብሰድበውስ?»

ሲስተር ፈገግ አለች። «ስድብም መልስ ነው፣ ጋሽ ዘርጋው። አልልም ከሚለው እንቆጥረዋለን። እንዲያውም ይወጣልዎት፤ ይመከራል።»

ከፋሲካ በፊት። ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ የጥላዬ ልጅ የትምወርቅ ታገባለች፤ የጥሪው ካርድ ከጠቡ በፊት የዘርጋው ቤትም ደርሶ ነበር። ይቅር አለም አላለም ጥላዬ ያን ቀን ካባውን ለብሶ፣ ልጁን መርቆ፣ ድምፁን አሳምሮ ንግግር ያደርጋል። ዘርጋው ይህን ሲያስብ ከአንገቱ በላይ ያለው ሁሉ ጋለ። በዚህም ቢሄዱ በዚያም ቢሄዱ የሚደርሱት ጥላዬ ደጅ ላይ ነው። ቢያንስ ስድቡ ስድብ ይሁን አለ። እስከ ማታ ሲያዘጋጀው ቆየ። ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ሰረዘው፣ እንደገና ጻፈው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሞት እያነበብክ ደረትህን የነፋህ፣ ብሎ ይጀምራል። የጥላዬን ትዕቢት፣ ስስቱን፣ በ2068 በአንዲት ባልቴት ለቅሶ ላይ የቀለደውን፣ ሁሉንም ያነሳል። በቃሉ እስኪይዘው አነበነበው። አልተንተባተበም። አስካለ ከሌላው ክፍል ይቅርታውን እያጠና መስሏት ደስ ብሏት አመሸች።

ማክሰኞ የካቲት 28 ጠዋት ባልና ሚስቱ በአውቶቡስ ወደ ለይቶ ማቆያው ሄዱ። አስካለ ከበሩ እንዳታልፍ ተነግሯት ደጅ፣ ዛፉ ሥር ቀረች። የሱቁን ቁልፍ ይዛ ነው የመጣችው።

የቃሉ ክፍል ጠባብ ነው። ሦስት ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ የሚሰማና የሚጽፍ መሣሪያ። አንዱ ወንበር ላይ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ አውላቸው ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በብሎኩ የተጣላ ሁሉ በእሳቸው ፊት ነው የታረቀው። ሁለተኛው የሲስተር የውብዳር ነው። ሦስተኛው የዘርጋው። ለጥላዬ ወንበር የለም።

ጥላዬ ገባ። ሲስተር ያለችው እውነት ነው፤ ጉንጩ ሞልቷል፣ ጢሙ ተላጭቷል። በማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መቅረቡ ከጥንት የመጣ ወግ ነው፤ መመሪያው አልሻረውም። ድንጋዩን ብቻ ለወጠው። ፕላስቲክ ነው፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ፤ ክብደቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በአልኮል ይወለወላል። ተቀባይ መልስ እስኪሰጥ ድረስ አይወርድም። ጥላዬ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከና ጀመረ።

አጥፍቻለሁ አለ። እጄ ከልኩ አልፏል አለ። አብሮ የኖረ ጎረቤቴን፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የእድር ወንድሜን፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አካሉን ጎድቻለሁ። ስለ ፈጣሪ ብለህ ይቅር በለኝ። ድምፁ እንደዱሮው ነው። አቶ አውላቸው በመርካት ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ አዳራሹ አንዲት ቃል አላነሳም። የተመዘገበው ጆሮው ነው፤ ሌላው በወረቀት የለም።

«ዘርጋው ልጄ፣ ያንተ ተራ ነው» አሉ አቶ አውላቸው።

ዘርጋው አፉን ከፈተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊል ነበር። ግን መጀመሪያ ትንፋሽ ሊወስድ ቆመ። ያን ጊዜ አየ። ጥላዬ አንገቱን ሰብሮ ከሥር ወደ ላይ ያየዋል፤ ከንፈሩን። ድንጋዩ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዘርጋው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ማንም ሰው እሱ የሚናገረውን እንደዚህ ሲጠብቅ አይቶ አያውቅም።

ሊናገር የነበረውን አቆየው። አንድ ደቂቃ ሄደ።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ሁለተኛው ደቂቃ ሄደ። ሲስተር በስልኳ መመሪያውን ታገላብጥ ጀመር። ወደ አቶ አውላቸው ዘንበል ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው፤ በዘርጋው ቀኝ በኩል ስለነበሩ ሰማ። ዝም ካለስ ምን ይደረጋል የሚል የለም አለቻቸው። ይቅርታ አለ፣ እምቢታ አለ፣ ዝምታ የለም። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። መመሪያው ሲጻፍ ከተጠየቁት አዛውንቶች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሰው በሽማግሌ ፊት ሲሳደብ አይተዋል፣ ሲያለቅስ፣ ሲምል፣ ጥሎ ሊወጣ ሲል በነጠላው ጎትተው አስቀምጠዋል። በሽማግሌ ፊት ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ግን አይተው አያውቁም፤ ስለዚህ ማንም አላነሳው፣ ማንም አልጻፈው።

«ተቀባይ መልስ እስኪሰጥ አስተላላፊ እዚሁ ይቆያል ነው የሚለው» አለች ሲስተር። «ገደብ የለውም።»

ዘርጋው አፉን ዘጋ።

ሲስተር ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። በትዕግሥት፣ ልክ ሽሮፕ እንደምትቆጥርለት አድርጋ ነገረችው። መልስ ሳይሰጡ ከወጡ የእሱ ፋይል ብቻ አይደለም ሳይዘጋ የሚቀረው፣ የእርስዎም አይዘጋም። እሽጉ አይነሳም። እስከ መቼ ብለው ቢጠይቁኝ አላውቅም። እጅዎ ከብረት ይለያል፣ ጋሽ ዘርጋው፤ ገብቶዎታል? ዘርጋው ራሱን እንኳ አልነቀነቀም፤ መነቅነቅም መልስ ሊባል ይችላል። በመስታወቱ ቀዳዳ ያየው ያ ግማሽ መስኮት ትዝ አለው።  ከዚያ ድንጋዩን አየ። ሲስተር አንጓውን ይዛ ቁጥሩን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ፤ ሃምሳ ቀን ሙሉ እንደዚያ ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። ደግማ ለካች።

ጥላዬ ገባው። መምህር ነው፤ ቶሎ ነው የሚገባው።

«ዘርጋው» አለ። አሁን ድምፁ ነጠላ ሰረዝ የለውም። የትምወርቅ ልታገባ ነው አለ። እናቷ ሞታለች፣ ከእኔ ሌላ የሚመርቃት የለም አለ። ከእግርህ ሥር ስታድግ ታውቃታለህ፣ የመጀመሪያ ብስክሌቷን የበየድክላት አንተ ነህ። ስለ እሷ ተናገር። ይቅር አትበለኝ። እምቢ በለኝ። ግን ተናገር።

ዘርጋው ብስክሌቷን ያስታውሳል፤ ቀይ ነበር። ጥርሱን ነከሰ።

ያኔ ጥላዬ መንገዱን ለወጠ። ከታች፣ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ አፉን ከፈተበት። አንተ የላሜራ ትል አለው። ጸሐፊ ነኝ ብለህ ወረቀት ገልብጠህ የያዝክ፣ ሚስትህ እንኳ የሳቀችብህ። አቶ አውላቸው ኧረ በሥላሴ አሉ። ሲስተር ተነሳች። ጥላዬ አልሰማቸውም፤ ዓይኑ የዘርጋው ከንፈር ላይ ነው።

«ምነው ተዘጋህ? ወይስ ይሄንንም የሚያነብልህ ሰው ልጥራልህ?»

ቃሉ ልክ የዚያን እሁድ ቦታ ላይ አረፈ። ዘርጋው በቃሉ ያጠናው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣለት፤ ባልቴቷም፣ ደረቱም፣ አሥራ ዘጠኙ ዓመትም፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ተደርድሮ፣ አንዱም ሳይሰናከል። መቼም እንደዚያ አንብቦ አያውቅም። ቢከፍተው ይፈሳል። ቢፈስ ጥላዬ ይወጣል። ምራቁን ዋጠ። 

የጥላዬ ፊት ላይ ላብ ወረደ። ክርኑ ምንጣፉን ነካ። አሁን እየለመነ ነው ወይስ እየተሳደበ መለየት አይቻልም ነበር።

«ስደበኝ» አለ። «እባክህ ዘርጋው። በእናትህ፣ ስደበኝ።»

ዘርጋው ተነሳ። ኮፍያውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ አደረገ። አቶ አውላቸው እጃቸውን ዘረጉና የኮቱን ጫፍ ያዙ፤ ልጄ፣ በዚህ ሽበት ይዤሃለሁ አሉት። ጣታቸውን አንድ በአንድ፣ ሳይጎዳቸው፣ ከኮቱ ላይ አላቀቀ። በሩን ከፈተ። ከኋላው አንድ ከባድ ያልሆነ ነገር ምንጣፉ ላይ ወደቀ፤ ሲስተር ያንሱት፣ እስኪመልስ አይወርድም ስትል ሰማ።

ደጅ ፀሐይ ነው። አስካለ ከዛፉ ሥር ብድግ ብላ ቁልፉን እንደጨበጠች ሮጥ ብላ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች። ፊቱን አየች። ነገሩ አልቆለት እፎይ ያለ ሰው ፊት ነው፤ ሳቅ አለች።

«አለቀ? ምን አልከው?»

ዘርጋው አያት። ለረጅም ጊዜ አያት፤ እስክትደነግጥ፣ ሳቋ ከፊቷ ላይ እስኪነሳ።

«ዘርጋው? ምን አልከው?»

በጎኗ አልፎ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።